ከድሬዳዋ የሚደወል ስልክ

«ከልጄ እጅ ካልሆነ አልውጥም» አሉ አቶ ኪዳነወልድ፣ ከንፈራቸውን ገጥመው።

ክኒኑን የያዘው እጅ የልጃቸው ነበር። ዕፀገነት ሌላኛውን እጇን መቼ እንዳነሣች አታውቅም፤ የጥፊውን ድምጽ ስትሰማ ነው የባነነችው። አባቷ ጉንጫቸውን በሚንቀጠቀጥ መዳፋቸው ይዘው ትክ ብለው አዩዋት።

«ትመስያታለሽ፤ ግን አይደለሽም» አሉ፣ እንግዳ እንደሚያናግሩ በትሕትና።

ፓርኪንሰን የተባለው በሽታ መጀመሪያ እጃቸውን፣ ቀጥሎ እግራቸውን፣ በመጨረሻ እሷን ወሰደባቸው። ሐኪሙ ነገሩን ያስረዳት በአባቷ ሙያ ነበር። አቶ ኪዳነወልድ በከተማቸው ዙሪያ፣ ከሐኪም ጋራ ተራራ እስከ ድሬ ጠያራ ገጠር፣ የተበጠሰ የስልክ መስመር ሲቀጥሉ የኖሩ ሰው ናቸው። «አንጎላቸው ውስጥ ጣቢያዎቹ አሉ፤ የተበጣጠሰው በመካከላቸው ያለው መስመር ነው። ፊትሽን ያያሉ፤ ልጄ የሚያሰኘው ስሜት ግን አይደርሳቸውም። በድምጽ በኩል ያለው ምናልባት አልተቆረጠ ይሆናል፤ ሳያዩሽ ሞክሪ» አላት።

ሞከረች፤ ሠራም። ከግቢው ጥግ ተሸሽጋ ትደውልና ድሬዳዋ ሥራ ላይ ነኝ ትላቸዋለች። ክኒኑን የሚውጡት፣ እህል የሚቀምሱት፣ የሚመርቋትም በስልክ ብቻ ሆነ። ያለ ክኒኑ ሰውነታቸው እንጨት ይሆናል፤ ምራቃቸውን እንኳ መዋጥ ያቅታቸዋል።

ዛሬም ክኒኑን ከትራሳቸው አጠገብ አስቀምጣ ወጣችና ደወለች።

«ዕፀዬ! የእኔ ዓለም!»

ፊት ለፊት እንዲህ ብለው ከጠሯት ዘመን ሆኖታል። ቅናት አንገበገባት፤ የቀናችው በገዛ ራሷ ነበር።

«አባባ፣ ክኒኑን ይዋጡ እንጂ።»

«አንቺ ካልሽ እውጣለሁ። ግን ቶሎ ነይልኝ። ይቺ ሴትዮ ዛሬ በጥፊ መታችኝ። አባትሽን፣ በጥፊ!»

«ደክሟት ይሆናል። ይቅር ይበሏት» አለች።

«ምን ይቅርታ አላት! አባርሪልኝ። በመድኃኔዓለም ማይልኝ።»

«በመድኃኔዓለም፣ አባርራታለሁ።» ክኒኑን አፋቸው ውስጥ ሲጨምሩ በስልኩ ሰማች።

ይኼኔ ከጎረቤቱ መስጊድ የቀትር አዛን ተሰማ። በመስኮቱም ገባ፤ በስልኩም ገባ። የመስመር ሠራተኛው የአባቷ ጆሮ ምንም አልሆነም ነበር።

«ድሬዳዋ ነኝ አላልሽኝም?»

«እዚህም እኮ አዛን አለ፣ አባባ።»

«ይሄ የእኛው ሰፈር አዛን አድራጊ፣ ነስሮ ነው። ሳይጀምር የሚያስላትን ሳል አውቃታለሁ። ነስሮን ድሬዳዋ ማን ወሰደው?»

አልጋው ሲንቋቋ፣ እግራቸው መሬቱን ሲጎትት ሰማች። መስኮቱ ተከፈተ። ፍርግርጉን ጨብጠው ቁልቁል አዩዋት፤ ስልኩ ጆሮዋ ላይ እንደተለጠፈ ነው። አልሸሸችም። ልቧ በተስፋ ዘለለ፤ ፊቷና ድምጿ አንድ ላይ ከደረሷቸው ይለዩኝ ይሆናል ብላ ወደ መስኮቱ ቀረበች።

«አባባ፣ እኔ ነኝ። ዕፀገነት ነኝ።»

አቶ ኪዳነወልድ ገና ያልዋጡትን ክኒን ወደ ግቢው ተፉት። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ሲናገሩ ድምጻቸው ከመስኮቱም ከስልኩም እኩል መጣላት።

«ስልኳን ነጥቀሽ፣ ድምጿን ነጥቀሽ... ልጄን ምን አደረግሻት?»

ስልኩ ተዘጋ። ዕፀገነት ግን ከጆሮዋ አላወረደችውም።