ጥንዚዛና የእሳት እራት ከሱሉልታ ጫካ

ተድላ ከቡራዩ ተነስቶ ሰበታ እስኪደርስ ሚኒባሱ ውስጥ ሲቁነጠነጥ ነበር። ጭኑ ላይ ክዳናቸው የተበሳሳ ሁለት የፕላስቲክ ዕቃዎች ይዟል፤ በአንዱ ጥንዚዛ፣ በሌላው የእሳት እራት። ሁለቱንም እህቱ ከምትኖርበት ከሱሉልታ ጫካ ነው የያዛቸው። ልጁ ሩቲ እንድታነጻጽራቸው አስተማሪዋ አዛታለች። ሩቲ የዓይኗን ብርሃን ካጣች ሁለት ዓመቷ ነው፤ ሰበታ በዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት አዳሪ ሆና ትማራለች።

ጭንቀቱ ግን ሌላ ነበር። ሐኪሙ ሐሙስ ዕለት ዓይኗ ከእንግዲህ እንደማይመለስ ነግሮታል። እሱ ግን ማታ ሲደውልላት ሐኪሙ ገና አልወሰነም ብሏት አረፈ። ዛሬ እውነቱን ሊነግራት ቆርጦ ወጥቷል። ቆርጦ መውጣቱስ ቀላል ነው፤ ከአፍ ማውጣቱ ነው የከበደው።

የትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ዛፍ ሥር ተቀመጡ። ጥንዚዛዋን መዳፏ ላይ አደረገላት። ሩቲ ሳትፈራ ዳበሰቻት፤ ጀርባዋ እንደ ድንጋይ ጠንካራ እንደሆነ፣ ቀንዶቿ ከሰውነቷ እንደሚረዝሙ ራሷ ደረሰችበት፤ ሳቀችም። እንዲህ ስትስቅ ከሰማት ቆይቷል። በዚህ ሳቅ መሀል ስለ ሐኪም ማን ያነሳል? ትንሽ ይቆይ አለ በልቡ።

የእሳት እራቷን ስትጠይቀው፣ ይህቺኛዋ በእጅ አትነካም፣ እኔው ልንገርሽ አላት። ሩቲ ግን በሰው ዓይን አላነጻጽርም ብላ እጇን ዘረጋች። ምን ያድርግ፣ ሰጣት። የእሳት እራቷ ተንፈራገጠች፤ ሩቲም እንዳታመልጣት ስትል ጨበጠቻት። ክንፏ ተቀደደ፣ የክንፏ ዱቄት የሩቲ ጣቶች ላይ ቀረ። ሩቲ ደንግጣ እጇን ከፈተች።

«በረረች?»

«በረረች» አለ ተድላ ፈጠን ብሎ። «ዛፉ ላይ ወጣች።»

ሩቲ አንገቷን ወደ እግሯ ደፋች።

«እግሬ ላይ ናት እኮ፣ አባዬ።»

እውነቷን ነበር። የእሳት እራቷ ከነጠላ ጫማዋ በላይ፣ ባዶ እግሯ ላይ ትርገፈገፋለች። ተድላ እንደማታየው እያወቀ ፊቱን አዞረ፤ በገዛ ልጁ ፊት እንዲህ አፍሮ አያውቅም። ሩቲ እግሯን አላንቀሳቀሰችም።

«ሐኪሙስ ምን አለ?»

ያንኑ በስልክ የሰጣትን መልስ ሊደግምላት አፉን ከፈተና ተወው።

«አይመለስም አለ፣ ልጄ። ዓይንሽ አይመለስም።»

ሩቲ በዳበሳ ክንዱን አግኝታ ያዘችው። ለረጅም ጊዜ አልለቀቀችውም።

«ከሐሙስ ጀምሮ ድምፅህ ልክ አልነበረም» አለችው። «እስክትነግረኝ ነበር የምጠብቅህ።»