አራት ቀዳዳ

«ስፒሏን ያወጣኋት እኔ ነኝ» አለ ጠበቃው። «ፎቶ ኮፒ ለማድረግ አላመቸችኝም።»

የሟች ልጅ ቀና ብላ አየችው። ለቅሶ ከተቀመጡ ሦስተኛ ቀናቸው ነው። ሳሎኑ በኪራይ ወንበር ተጣቧል፤ ጥግ ያሉት ጎረቤቶች ሻያቸውን ይዘው ጆሯቸውን ወደ እነሱ ጥለዋል።

ጠበቃው ስፒሏንና ሁለት ወረቀት ሰጣት። አንደኛው ወረቀት አባቷ ከስምንት ዓመት በፊት በምስክሮች ፊት የፈረመው ኑዛዜ ነው፤ የልብስ ስፌት ሱቁን ለሾፌሩ ወንድሟ ይሰጣል። ሁለተኛዋ እዚያ ላይ በስፒሏ ተሰክታ የነበረች ብጣሽ ናት። በአባቷ እጅ ጽሑፍ «ሱቁ ለሴት ልጄ ይሁን» ትላለች።

«ኑዛዜ ሲሻሻልም ፊርማና ምስክር ይፈልጋል» አለ ጠበቃው። «ይቺ ሁለቱም የላትም። በሕግ ሱቁ የወንድምሽ ነው።»

«ሕጉን ይተዉት፣ ጋሼ» አለ ወንድሟ። ወደ እሷ ዞረ። «አሥራ አንድ ዓመት አጠገቡ የሰፋሽው አንቺ ነሽ። አባባ ከልቡ ፈልጎት ከነበረ ነገውኑ ሄጄ እፈርምልሻለሁ። ካልሆነ ግን… እኔንም መኪናው አድክሞኛል።»

አባቷ መቀስ ከማንሳቱ በፊት ሁሉን ነገር በስፒል ይሞክር ነበር። ስፒሎቹን በከንፈሩ ስለሚይዝ ብዙም አያወራም። ጨርቁ ላይ የሰካው ስፒል ከተጋደመ «ስፊው» ማለት ነው። ከቆመ «ባለቤቱ ሳይጠየቅ እንዳትነኪው»። አንዴ የቆመውን ቸል ብላ የሙሽራ ሱሪ አሳጠረችና ሰውየው ቁርጭምጭሚቱን እያሳየ ተዳረ። አባቷ ወር ሙሉ «ሙሽራው ደህና ነው?» እያለ ይጠይቃት ነበር።

ወረቀቶቹን ደርባ ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳቻቸው። ሁለት ቀዳዳ ጎን ለጎን አየች። ደስ አላት፤ በደስታዋም አፈረች። ከዚያ ሌሎች ሁለት አየች፤ አንዱ ከአንዱ በላይ ነው። መጀመሪያ አጋድሞ ነው ኋላ ያቆመው? ወይስ አቁሞ ሰንብቶ ነው ያጋደመው? ግራ ገባት።

«ሲያወጧት እንዴት ነበረች?»

«ስፒል ናት እንግዲህ» አለ ጠበቃው። «ማን ልብ ይላል?»

አባቷ ላይ ተናደደች። ምናለ አንዴ እንኳ አፉን ከፍቶ ቢናገር ኖሮ። ወንድሟ እያያት ይጠብቃል። ስለ ስፒሉ አቀማመጥ እሱ የሚያውቀው ነገር የለም፤ ፈልጎ ነበር ብትለው ያምናታል።

የለበሰው የአባታቸውን ኮት ነው። እጅጌው ረዝሞ ጣቶቹን ሸፍኗቸዋል።

«እጅህን አምጣ» አለችው።

እጅጌውን አጠፈችና ስፒሏን ሰካችበት። አቆመቻት።

«ምን ማለት ነው ይሄ?»

«ባለቤቱ ይጠየቅ ማለት ነው። አንተስ ሱቁን ትፈልገዋለህ?» አለችው፤ እጅጌውን ግን አልለቀቀችም።