የፍሬገነት ሁለት ደወሎች

ኮቪድ የፍሬገነትን ነፍስ ማረና ድምፅዋን ወሰደ። ደቡብ አፍሪካ፣ ጀርሚስተን ባለችው የሀበሾች ቤተክርስቲያን ስንት ዓመት ሶሎ የዘመረች ሴት፣ ከጉሮሮዋ የሚወጣው ሹክሹክታ ብቻ ሆነ። ኳየሩ በየቤቱ በስልክ እየቀዳ መዘመር ሲጀምር ቦታዋን ሌላ ልጅ ያዘች። መዝሙሩም አምሮ፣ ሞልቶ ወጣ። ፍሬገነትን ያስለቀሳት ይኸው ነው፤ እሷ ቀርታ ምንም አለመጉደሉ።

የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ ሮዘተንቪል ሰፈሯ ውስጥ ከሚለማመዱ የእጅ ደወል ደዋዮች ጋር ተቀላቀለች። ያኔ ተሰብስቦ መዘመር ተከልክሎ ነበር፤ ደወል ግን ትንፋሽ የለውምና ማንም አልከለከለውም። መሪያቸው ጎጎ ኖምቩላ፣ ሰፈሩ ሁሉ አያቴ የሚላቸው አሮጊት፣ ለእያንዳንዱ ሰው ጓንትና ሁለት ሁለት ደወል ሰጡ። የአንዱ ድምፅ ከሌላው ይለያል፤ ዜማው የሚሞላው ሁሉም በየተራው ሲደውል ነው።

ባሏ ጥላሁን ቮስሎሩስ ካለችው፣ ስፓዛ ከሚሏት ትንሽ ሱቁ ሲመለስ ይህን ሰምቶ ሳቀ።

«ጴንጤ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ደወል የምትደውለው? ጥምጥምም ልግዛልሽ?»

ልምምዱ ግን ሕልም ነበር። መስኮቱ ሁሉ ለበሽታው ሲባል ተከፍቷል፤ የዚያ አገር ደረቅ ክረምት ፀሐይ ወለሉ ላይ ተኝቷል። አንዱ ደወል ይመታና ድምፁ ጣሪያው ሥር ይንሳፈፋል፤ ሳይጠፋ ሌላው ይደርስበታል። ፍሬገነት እዚያ ድምፅ ውስጥ ስትገባ ገላዋ ይቀልላታል፤ በዚያ ዓመት የቀበረቻቸው ወዳጆቿ ከጎኗ የቆሙ ይመስላታል። ያኔ ዐይኗን ትጨፍናለች። ቤተክርስቲያን የለመደችው ነው፤ እነሱ ዘንድ ዐይኑን ገልጦ የሚዘምር ሰው ልቡ ሌላ ቦታ ነው። ተራዋ መጥቶ ያልፋል፤ ተራ የሚሰጠውን የጎጎን እጅ አላየችማ!

«ዐይን፣ ልጄ፣ ዐይን!» አሉ ጎጎ በመጨረሻው ልምምድ። «በሟቾቹ መታሰቢያ ቀን ከጨፈንሽ ደወሎችሽን ለሌላ ሰው እሰጣለሁ።»

መኪና ውስጥ ለጥላሁን ማለች። «ዐይኔን ግንባር ያድርገው፣ ዛሬስ አልጨፈንኩም!»

«በመስኮት እያየሁሽ ነበር እኮ» አላት።

ቀኑ ደረሰ። ሰፈሩ በወረርሽኙ ያጣቸውን ሰዎች ሊያስብ ሜዳ ላይ ተራርቆ ቆመ። ዜማው እነፍሬገነትም በአማርኛ የሚዘምሩት ነበር። ፍሬገነት ዐይኗን አፍጥጣ ደወለች። ከጎጎ እጅ ባሻገር ጥላሁን ቆሟል። ማስኩ ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ ሳያሰማ ግጥሙን እየተከተለ ነው፤ ዕንባው ማስኩን አርሶታል። ያን ሁሉ ዓመት ፊቱ ቆማ፣ ዐይኗን ጨፍና ስትዘምር እንዲህ ሲሆን አንድ ቀን እንኳ አይታው አታውቅም። ደነገጠች። ተራዋም አመለጣት።

ዜማው መሃል ላይ ጎደለ። ማንም ሊሞላው አልቻለም፤ ያ ድምፅ ያለው በእሷ እጅ ብቻ ነው። ጎጎ እጃቸውን አየር ላይ አቆሙ። የጥላሁንም ማስክ ቆመ። ሁሉም ወደ እሷ ዞረው ጠበቋት። ሌላ ጊዜ ቢሆን መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ ባለች። አሁን ግን ደስ አላት፤ መዝሙሩ ያለ እሷ አልሄድ ብሏል። ባሏን እያየች ቀኝ እጇን አነሳችና የጎደለውን ደወለች። ጥላሁንም ከዚያው ቀጠለ።