የፌሊም ቁመት

በጥቅምት የጀመረው ዝናብ እስከ ሚያዝያ አላባራም። ድርቆሹ በየካቲት አለቀ። በመጋቢት በረዶ ወረደና አሥራ አራት በጎች አጥር ሥር ተቀብረው አገኘሁ። ላሟን ሸጥሁ። ውሻው ሞተ። ወጪ ለመቀነስ ብዬ የታጠበ ናፍጣ ገዛሁ።

የትራክተር ናፍጣ ርካሽ ነው። መንገድ ላይ ለሚሄድ መኪና እንዳይቀዳ ቀለም ይገባበታል። እኛ ድንበር አካባቢ ደግሞ ቀለሙን በአሲድ አጥበው የሚሸጡ አሉ። እናውቃቸዋለን፤ እሁድ ቤተ ክርስቲያን አብረን እንቀመጣለን። የቀረው አሲድ የሞተሩን ፓምፕ እንደሚበላም እናውቃለን። ሁሉም ግን የኔን አይበላም ይላል። የኔን በሦስት ሳምንት በላው።

መኪናዬ በቆመ በዘጠነኛው ቀን ፌሊም ከደብሊን ሆስፒታል ደወለ። ፌሊም ከኮረብታው ማዶ ያለ ጎረቤቴ ነው፤ ሚስት አላገባም፣ ልጅ የለውም። በሽታው አከርካሪው ውስጥ ገብቶ ሦስት ወር ተኝቷል።

«ማላኪ፣ አለህ?»

«አለሁ።»

«በጎችህስ?»

«ግማሾቹ አሉ።»

«እኔም ግማሼ ነው ያለው» አለ። ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ። «ቤቴ ውሰደኝ።»

«አምቡላንስ የለም?»

«ወረፋ ነው። የሚመጣው ሳምንት ሐሙስ ይላሉ። እኔ ያንን ሐሙስ አላየውም። ዶክተሩ ጫማውን እያየ ነገረኝ። መቀመጥ አልችልም፣ የሚያስተኛ መኪና ነው የምፈልገው። አለህ?»

«አለኝ» አልሁት። አልነበረኝም።

ከሠላሳ አምስት ዓመት በፊት ወንድሜ ዩጂን ለንደን ውስጥ ከሕንፃ ላይ ወድቆ ሞተ። እኔ እግሬ ተሰብሮ ነበር። ፌሊም ኋላው ረጅም የሆነ የራሱን ስቴሽን መኪና አስነሥቶ፣ በመርከብ ባሕሩን ተሻግሮ፣ ሬሳውን በአራተኛው ቀን እናቴ ቤት አደረሰ። በጎቹ የሚወልዱበት ሳምንት ነበር። የሚያዋልድ ስላልነበረ አሥራ አንድ ግልገል ሞተበት። በበጋው አሥራ አንድ ግልገል ወሰድሁለት። ወደ ግቢዬ መልሶ ነዳቸው። «አንድ ቀን የምፈልገው ነገር ይኖራል። ያን ጊዜ እጠይቅሃለሁ» አለኝ። እስከዚያ ስልክ ድረስ ምንም አልጠየቀኝም።

የፌሊም ቁመት በኔ ጎተራ በር ላይ አለ። ሲገባ አናቱ የሚነካው የመቃኑ እንጨት ተልጧል። በዚያ ልክ አንድ ዱላ ቆረጥሁ። ከፖስተኛው ጋር ተሳፍሬ ኮልም ዘንድ ሄድሁ። ኮልም አሮጌ መኪና ይሸጣል።

በናፍጣ የሚሠራ አንድ ስቴሽን መኪና ነበረው፤ ብርማ፣ ጎማው ሳይቀር የተወለወለ። እጄን ኮፈኑ ላይ አደረግሁ። ሞቋል።

«አስነሥተኸዋል።»

«ላጥበው ፈቀቅ አደረግሁት እንጂ።»

አሮጌ የናፍጣ ሞተር እውነቱን የሚናገረው በብርድ ሲነሣ ነው። ፊልትሮውን ፈታሁና ውስጡ ያለውን ይዤው በሄድሁት የማርመላታ ብርሌ ገለበጥሁ። ድፍርስ ነው።

«መኪና ልትገዛ ነው ሽንት ልትመረምር?» አለ ኮልም።

«የኔም ይኼንኑ ጠጥቶ ነው የሞተው።»

«ኧረ ባክህ? አንተም እንደኛ ሆንህ ማለት ነው። ደስ ይላል።»

የኋላውን ወንበር አጥፌ ዱላውን አስገባሁ። አንድ ስንዝር ወደ ውጭ ተረፈ።

«በሰያፍ አድርገው» አለ። «ጣውላ ነው የምትጭነው?»

«ፌሊምን ነው። ተኝቶ ነው የሚመጣው።»

ኮልም እጁን በጨርቅ ሲጠርግ ቆየ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«አትራክታ ዘንድ ሂድ። ባሏ ጌራርድ ከሞተ ወዲህ የቆመ መኪና አላት። ሲታይ ያስጠላል። ግን ጌራርድ ከደህና ማደያ በቀር ቀድቶ አያውቅም። ስንስቅበት ነው የኖርነው።»

ወሰደኝም። ገንዘብ አልጠየቀም።

የአትራክታ መኪና ቡናማ ነበር። በመስኮቱ ጎማ ላይ አረንጓዴ ሻጋታ በቅሏል፣ የአንዱ በር ታች ዝጓል፣ ቆጣሪው አራት መቶ አሥር ሺህ ኪሎ ሜትር ይላል። ኮፈኑ እንደ ድንጋይ ቀዝቅዟል። ቁልፉን ሳዞር አንዴ አጓራ፣ ሁለተኛ አጓራ፣ በሦስተኛው ተነሣ። ነጭ ጭስ ተፋና ጠራ። ከፊልትሮው የወጣው ናፍጣ ብርሌው ውስጥ ሆኖ የእጄን መስመር አሳየኝ። ዱላው ገብቶ ሦስት ጣት ቦታ ተረፈው።

አትራክታ በሩ ላይ ቆማ ዱላውን ታያለች።

«ለማን ነው?»

«ለፌሊም።»

«ሞተ?»

«ገና ነው።»

«ስምንት መቶ ዩሮ» አለች። ሰጠኋት። እኛ ዘንድ የሸጠ ሰው ለገዢው ከገንዘቡ ላይ ለዕድል ጥቂት ይመልሳል። እሷ ሳትመልስ ወደ ቤት ገባች። ኮልም ቅንድቡን አነሣ። ስትወጣ የስፖንጅ ፍራሽ ተሸክማለች።

«የዕድሉ ይኼ ነው። ጌራርድ በግ ገበያ ሲሄድ እዚሁ ውስጥ ነበር የሚያድረው፤ ለሆቴል መክፈል ሞት ነበር ለሱ። በልኩ ነው የተቆረጠው። አጥቤዋለሁ።» ከዚያ ወደ ኮፈኑ አመለከተች። «ሞቆ ካጠፋኸው ግን እስኪበርድ አይነሣም። ሁለት ሰዓት ይፈጃል። አልነገረችኝም እንዳትል።»

እኔ የፈተንሁት በብርድ ብቻ ነበር። የኮልምን ስሸሽ ይኼኛውን ሞቆ መፈተን አላሰብሁም። ሌላ መኪና የምፈልግበት ቀን አልነበረም።

በማግስቱ ጠዋት ሄድሁ። ሆስፒታሉ በር ላይ ሞተሩን ሳላጠፋ አቆምሁ።

«አጥፋው» አለ ዘበኛው።

«ከጠፋ እዚሁ ነው የሚውለው።»

ከሕንድ፣ ከኬረላ የመጣች ነርስና አንድ ረዳት አልጋውን እየገፉ አወጡት። ያን ሁሉ ቁመት ይዞ ክብደት አልነበረውም። ነርሷ የሚያስታግሰውን መድኃኒት ወጋችው። «አንተ የሱ ምኑ ነህ?» አለችኝ። «ጎረቤቱ» አልሁ። ቅጹ ላይ እንደዚያው ጻፈች።

«የጌራርድ መኪና ነው» አለ ፌሊም ከኋላዬ፣ ከተማውን ስንወጣ።

«እንዴት አወቅህ?»

«ጣሪያው ላይ የሰካው የበግ ጨረታ ቁጥር አለ። ያንተስ የት ሄደ?»

«የታጠበ ሰጥቼ ገደልሁት።»

«ጅል።»

ተኝቶ የሚያየው ሰማይ ብቻ ነበር። ስለዚህ ይጠይቃል። አሁን የት ነን? መሊንጋር። አሁንስ? ሎንግፎርድ ገባን። ጉድጓድ ላይ ስንነጥር በጥርሱ መሐል ትንፋሽ ይስባል። ልቁም ወይ ስለው፣ «ሁለት ሰዓት የለኝም፣ ንዳ» ይላል። የጌራርድ መኪና ሞቆ ከጠፋ ቶሎ እንደማይነሣ እሱም ያውቃል።

ዳገቱ ላይ ጭነት መኪና መንገድ ዘጋብን። በሁለተኛ ማርሽ ከኋላው ተጎተትሁ፤ የሙቀቱ መርፌ ወጣ። የሞተሩን ሙቀት እንዲስብልኝ የመኪናውን ማሞቂያ እስከ መጨረሻው ከፍቼ መስኮቱን አወረድሁ። መርፌው ወረደ።

«አሁን የት ነን?»

«ድልድያችን ላይ።» የደብራችን ወሰን ያ ድልድይ ነው።

«ውሃው ሞልቷል?»

«ሞልቷል። ሜዳው ሁሉ ውሃ ነው።»

«ሣሩ ይዘገያል» አለ።

ከዚያ በኋላ አልጠየቀም። እኔ ግን እነግረው ነበር። ቤተ ክርስቲያኑን አለፍን። የኔን በር አለፍን። መስታወቱን ወደ እሱ አላዞርሁም። ብቆም የማደርግለት አልነበረም፤ ሞተሩ ከጠፋም መንገድ ዳር ያለ ሰው ይሆናል። በርህ ጋ ደረስን አልሁት።

ከቤቱ ጭስ ማውጫ ጭስ ይወጣል። አትራክታ እሳት አንድዳ አልጋውን አንጥፋ ቆይታለች። ኮልምም ነበር፤ ፍራሹን የሚያነሣ ሰው ያስፈልጋል ብላ ጠርታዋለች።

የኋላውን በር ከፈተችና ጎንበስ ብላ ጉንጩን ነካች።

«እስከ የት አወራህ?»

«ድልድዩን አልፈን።»

«አገሩ ገብቶ ነበር ማለት ነው» አለች፤ ዓይኑን ከደነችለት።

ሦስታችን በጌራርድ ፍራሽ ተሸክመን አስገባነው። የራሱ አልጋ ላይ አስተኛነው። እግሩ እንደ ሁልጊዜው በአልጋው ጫፍ ወጣ። እኛ ዘንድ ሰው ሲሞት እንደሚደረገው አትራክታ መስኮቱን ከፈተች፣ የግድግዳውን ሰዓት አቆመች።

እኔ ወጥቼ ሞተሩን አጠፋሁ። ዱላውን ከመኪናው አውጥቼ ምድጃው ውስጥ ከተትሁት። ፌሊም ለዩጂን የሄደልኝ መንገድ ከሠላሳ አምስት ዓመት በኋላ ተመለሰለት።