ሦስት ብርጭቆ እና አንድ ፎጣ

አፍንጫ ስሙ አይደለም፤ ማዕረጉ ነው። በሆቴሉ ባንኮኒ ጀርባ ሃያ ሁለት ዓመት ሲቆም የትኛውንም ውስኪ ቀድተው ቢሰጡት፣ አንዴ አሽትቶ ስሙንና ዕድሜውን፣ ደስ ካለውም የሠራውን ሰው ጠባይ ጭምር ይናገራል ይባልለታል። ይህን ዝና ማን እንደሚያወራለት ብትጠይቁ፣ አብዛኛውን ጊዜ እሱ ራሱ ነው።

እንግዲህ እንዲህ ያለው ሰው ነው ከሦስት ሳምንት በፊት ጉንፋን የያዘው። ጉንፋኑ ለቀቀው፤ ሲለቀው ግን ማሽተቱንም ይዞበት ሄደ። ሳሙናም፣ ሽንኩርትም፣ ሽቶም ለእሱ ያው አየር ሆኑ። «ነገ ይመለሳል» እያለ ለሚስቱ እንኳ ሳይተነፍስ ከረመ። ሐኪም ጋ እንዳይሄድ ወሬው ይወጣል ብሎ ፈራ።

መከራው የመጣው ከዝነኞች በኩል ነው። አንድ ዘፋኝ፣ አንድ ኳስ ተጫዋችና አንድ የፊልም ተዋናይ እየተከታተሉ በየስማቸው ውስኪ አወጡ፤ ደንበኛው ሁሉ «የኳስ ተጫዋቹ አለ?» ማለት ጀመረ። አፍንጫ ይህን ሲሰማ ደሙ ይፈላል።

«ኳስ ተጫዋች ስለ ውስኪ ምን ያውቃል? እግሩን ካልነከረበት በስተቀር!» ይላል።

ሥራ አስኪያጇ ግን በፌዝ የምትመለስ ሴት አይደለችም። «ከሦስቱ አንዱን እንይዛለን» አለችው። «የማን እንደሆነ ሳናውቅ፣ በጣዕሙ ብቻ ይመረጣል። ፈራጁ እርስዎ ነዎት፣ ጋሼ።» በሳምንቱ መጀመሪያ የኮመጠጠ ወይን ሳያውቅ ለእንግዳ ቀድቶ ነበርና፣ ወጣ ከማለቷ በፊት ጨመረችለት፦ «ከደከመዎት ደግሞ መጋዘን ውስጥ ቀለል ያለ ሥራ አለ።» አፍንጫ ከዚያ ቀን ጀምሮ በሕልሙ ካርቶን ሲቆጥር ያድር ነበር።

ሻጩ የላካቸው ናሙናዎች ከአውራ ጣት ብዙም የማይበልጡ ጠርሙሶች ናቸው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሥራ አስኪያጇ ዕቃ ማጠቢያ ክፍሉን ዘግታ ሦስቱንም እስከ ጠብታቸው በሦስት ብርጭቆ ገለበጠች። በየብርጭቆው ቂጥ ላይ በማርከር ምልክት አደረገችና ትሪውን ወደ ባንኮኒው እንዲያመጡት ለእትዬ ፎጣ ሰጠቻቸው።

እትዬ ፎጣ የአፍንጫ አማት ናቸው። ሠላሳ ዓመት የሆቴሉን ብርጭቆ አጥበዋል፤ አማቻቸውን ያስቀጠሩትም እሳቸው ናቸው፤ ይህንንም በወር አንዴ ያህል ያስታውሱታል። ፎጣ ከትከሻቸው ወርዶ አያውቅም። መጠጥ በአፋቸው አልዞረም፤ ግን ብርጭቆ ሳያሸቱ አያጥቡም፣ አፉንም ሆዱንም ቂጡንም ሳይጠርጉ ከእጃቸው አያወጡም።

ሠራተኛው ሁሉ ባንኮኒውን ከቦ ቆመ። አፍንጫ የመጀመሪያውን ብርጭቆ አነሣ፤ ዐይኑን ጨፈነ፣ ቅንድቡን ሰበሰበ፣ አንገቱን ነቀነቀ።

«ጭስ አለው» አለ። ሁለተኛውን ቀመሰና «ይሄ እንጨት እንጨት ይላል» አለ። በሦስተኛው ላይ ቆየ። «አሃ... ማር!»

ምላሱ ላይ ያገኘው ግን ሦስት ጊዜ ያው ቃጠሎ ብቻ ነው። ቃል እንደሆነ ጠፍቶበት አያውቅም። «ሦስተኛው ነው የሁሉም የበላይ!» ብሎ ደመደመ።

«ጥሩ። የማን ሆነ?» አለች ሥራ አስኪያጇ፣ ብርጭቆውን ከፍ አድርጋ ከሥሩ እያየች። ምንም የለበትም። የቀሩትን ሁለቱንም አነሣች። እነሱም ፏ ብለዋል። የሁሉም ዐይን ወደ ፎጣው ዞረ።

«ቆሽሾ አይቼው ጠርጌው ይሆናላ» አሉ እትዬ።

«እትዬ! ናሙናው እኮ አልቋል! በሠላሳ ዓመት ሥራዎ እንዲህ ይሠራል?» ሥራ አስኪያጇ ፊቷ ቀላ። «እንግዲህ እርስዎም ቤትዎ ቢያርፉ ሳይሻል አይቀርም።»

አፍንጫ መጀመሪያ እፎይ አለ። ምልክት ከሌለ ማን ይይዘዋል? ግን አማቱን ቀና ብሎ ሲያይ፣ ፎጣቸውን እያጠፉ እየዘረጉ መሬት መሬቱን ያያሉ። አንጀቱን በሉት።

«እሳቸውን ተዉአቸው» አለ። «ምልክቱ ቢኖርም ያው ነበር። ሦስት ሳምንቴ ነው፣ ምንም አይሸተኝም። ጭሱንም ማሩንም ከአፌ ነው ያመጣሁት። ዋሽቻችኋለሁ።»

አፍንጫ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። እትዬ ፎጣ ግን ፎጣቸውን ትከሻቸው ላይ ወረወሩና «ባዶ ጠርሙሶቹን አምጡልኝ» አሉ።

አንዱን ጠርሙስ አሸተቱ፣ ብርጭቆ አሸተቱ፤ ሌላውን ደገሙ። የመጀመሪያውን ብርጭቆ ለይተው ገፉት።

«ይሄ የተዋናዩ ነው። የዘፋኙና የኳስ ተጫዋቹ ግን አንድ ናቸው፤ ልብስ ነው የቀያየሩት። ሽታውን ድሮም አውቀዋለሁ። ደንበኛ ግማሹን እየተወው የሚሄደው ርካሹ ውስኪያችን ነው።»

ሥራ አስኪያጇ ከመደርደሪያው ርካሹን አውርዳ አሸተተች፤ ብርጭቆዎቹንም አሸተተች፤ እንደገና አሸተተች። ከዚያ ሳትፈልግ ሳቀች። «እንዴት አወቁ?»

«ልጄ፣ እሱ ሃያ ሁለት ዓመት ሲያወራበት የኖረውን እኮ እኔ ሳጥበው ነው የኖርኩት።»

የተዋናዩ ውስኪ ተመረጠ። አፍንጫ ሰኞ ሐኪም ጋ እንዲሄድ ታዘዘ፤ የመጋዘኑ ነገር አልተነሣም። «አፉ ባንኮኒው ላይ ይቆይ» አለች ሥራ አስኪያጇ፤ «አፍንጫ ለጊዜው ከዕቃ ማጠቢያ እንዋሳለን።» እትዬንም ይቅርታ ጠየቀቻቸው።

ሰው ሲበተን አፍንጫ ዕቃ ማጠቢያው ክፍል ገባ።

«እማማ፣ በኔ የተነሣ ሰው ፊት ተናገረችዎት።»

«አንተን ማን ተናዘዝ አለህ?» አሉ እጃቸው ውሃ ውስጥ እንዳለ። «ያለፈው እሁድ ቤታችሁ ወተቱ እያረረ አጠገቡ ጋዜጣ ስታነብ ነው ያወቅሁት።»

«ታዲያ ምልክቱ...»

«ምን ዕቃ ቆሽሾ! የፈለግከውን ብትል ማንም እንዳይይዝህ ብዬ ነዋ የጠረግኩት! አንተ ደግሞ ለኔ ብለህ ሁሉን ዘረገፍከው። ሞኝ!»

በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ አፍንጫን ቃል ሲያጥረው ይህ የመጀመሪያው ነበር። እትዬ ፎጣ ፎጣውን ከትከሻቸው አውርደው እጁ ላይ አኖሩለት።

«በል ጥረግ» አሉት። «ቂጡንም።»