ጭስ የጠገበ ምሰሶ

ይርጋ ተሰማ ስኮትላንዳዊውን የወደደው በበግ በኩል ነው። ሰውዬው ከሞተ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ አገሩንም ይርጋ ካርታ ቢዘረጉለት ፈልጎ አያገኘውም። ግን ሰውዬው በግ ያውቃል። በግ የሚያውቅን ሰው ደግሞ ይርጋ ፈረንጅ ነው፣ ሙት ነው ብሎ አይንቅም።

ያስተዋወቀቻቸው ልጁ ሶስና ናት። ሶስና ወልድያ እንግሊዝኛ ታስተምራለች፤ ለማስተርስ ማሟያዋ አንድ የቆየ የዕለት ማስታወሻ ወደ አማርኛ እየመለሰች ነበር። ጸሐፊው ዶናልድ ማክሬ ይባላል። ከስኮትላንድ በመርከብ ተነስቶ አውስትራሊያ ገብቶ፣ እንግሊዞች ቅኝ በያዙት ምድር በጥቂት በጎች ጀምሮ የብዙ መንጋ ጌታ የሆነ ሰው ነው። ሶስና እሁድ እሁድ ሚኒባስ ይዛ መርሳ ትመጣለች። ምሳ ይበላል፤ ከዚያ አባቷ ነጠላውን አጣጥፎ ያስቀምጥና «በይ እስቲ፣ ያ ሰውዬሽ የት ደረሰ?» ይላታል።

አድማጭነቱ አስቸጋሪ ነው። ዝም ብሎ አይሰማም። ዶናልድ በጎቼን እርጥብ ሳር ላይ ባውላቸው እግራቸው ቆሰለ ሲል፣ «ጥፍራቸውን አይከረክምላቸውም እንዴ!» ብሎ ይጮሃል። በሚቀጥለው ገጽ ዶናልድ ጥፍራቸውን ሲከረክም «አላልኩሽም?» ይላል፣ ምክሩ ባሕር ተሻግሮ የደረሰ ይመስል። አውራው በግ የሞተ ዕለት ፊቱ ጠቁሮ ዋለ። ጎረቤቱ ምን ሆንክ ቢለው «አንድ ወዳጄ በግ ሞቶበት ነው» አለው።

ወዳጅነቱ የጠናው ግን ገና ከመጀመሪያዎቹ ገጾች ነው። ዶናልድ ልጅ ሳለ የመሬቱ ጌታ ጭሰኞቹን አስነስቶ ደጋውን ለበግ አደረገው። የጌታው ሰዎች ችቦ ይዘው መጡ። በዚያ አገር ዛፍ ብርቅ ነው፤ ስለዚህ የዶናልድ አባት ክዳኑ ሳይያያዝ የጣሪያውን ዋና እንጨት ነቅሎ በትከሻው ተሸክሞ ወጣ።

ይርጋ ይህን ሲሰማ ከመቀመጫው ተነሳ። «አባዬን ነው እኮ የጻፈው!» አለ።

ሶስና ታሪኩን መቶ ጊዜ ሰምታዋለች፤ ቢሆንም አስጨረሰችው። ይርጋ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ሳለ፣ ከወልድያ በላይ ደጋው ላይ የነበረውን የአባቱን መሬት መንግሥት ለበግ ማርቢያ ብሎ ከለለው። በጎቹ ሳይመጡ መንግሥቱ ራሱ ሄደ፤ ይኼ ሌላ ጉድ ነው። አቶ ተሰማ ቤታቸውን ለቀው ሲወጡ የጥድ ምሰሷቸውን ነቀሉት። እሳቸው ከፊት፣ ይርጋ ከኋላ ሆነው ቁልቁለቱን ተሸክመውት ወርደው፣ ማንንም ወደማያውቁባት፣ ግራና ወደምትባል ትንሽ ከተማ ገቡ።

በር የከፈቱላቸው ወይዘሮ አስካለ ናቸው። ያኔ ገና በወጣትነታቸው ባል የሞተባቸው፣ ከአንዲት ጎጆና ከአንድ ሕፃን ልጅ በቀር ምንም ያልነበራቸው ሴት ነበሩ። ሦስት ዓመት አስጠጓቸው። የጎጆዋን ምሰሶ ምስጥ በልቶት ልትወድቅ ስታዘምም፣ አቶ ተሰማ የራሳቸውን ጥድ አቆሙላቸው። ኋላ ወደ መርሳ ሲዛወሩም «ቤት ተሸክሞ የቆመውን ነቅዬ አልሄድም» ብለው ተዉላቸው። ምሰሶው ላይ አቶ ተሰማ በመጥረቢያ የቀረጹት መስቀል ነበረበት፤ መጥረቢያው ስቶባቸው አንዱ ክንዱ አጥሯል።

«ለመስቀል አንድ ሙክት ይዤላቸው እሄዳለሁ» አለ ይርጋ ታሪኩን ሲጨርስ። ይህን በየዓመቱ ይለዋል። ወይዘሮ አስካለን መጨረሻ ያያቸው ግን ከሰሜኑ ጦርነት በፊት ነው።

እንግዲህ ይርጋም እንደ ወዳጁ ከበግ ጋር ከፍ ብሏል። ሙክት እያደለበ፣ በአይሱዙ አዲስ አበባ ድረስ እየጫነ፣ ዛሬ «ባለሀብት» እየተባለ በየስብሰባው ፊት ወንበር ይሰጠዋል። ዘንድሮ ደግሞ የልጅነት ሕልሙ ደረሰ፤ ከግራና በታች ያለው የወል ግጦሽ ለበግ እርባታ በሊዝ ተመራለት። ከመፈረሙ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቋል።

«ሰው አለበት?»

«ባዶ ነው» አሉት ሹማምንቱ። «ጫፉ ላይ አምስት ጎጆ ብትኖር ነው። ምትክ ቦታ ተሰጥቷቸው ይነሳሉ።»

ይርጋ «ባዶ ነው» የሚለውን ሰማ፤ «አምስት ጎጆ» የሚለውን ጆሮው አላስገባውም። ሄዶም አላየ። ፈረመና ለበረቱ እንጨት መፈለግ ጀመረ።

እንጨት ነጋዴውን ሞገስን «እርጥብ ባሕር ዛፍ እንዳታመጣብኝ» አለው። «ምስጥ በሁለት ክረምት ዱቄት ነው የሚያደርገው። ጭስ የጠገበ እንጨት ፈልግልኝ።» ልክ ነው፤ ምድጃ ላይ ዓመታት የቆመ፣ ጥላሸት የለበሰ እንጨት ምስጥ አይደፍረውም። ሐብሩ ወረዳ ውስጥ ይህን የማያውቅ የለም። ግን ጭስ የጠገበ እንጨት ጫካ ውስጥ አይበቅልም። ሰው ከኖረበት ቤት ካልሆነ ከየት ይመጣል? ይርጋ ይህ ጠፍቶት አይደለም፤ አልጠየቀም እንጂ። ሞገስም «አለልህ» ብሎ ሄደ፣ ሥራው ለአናጢ ተሰጠ፣ ይርጋን የመስቀል ገበያ ጠመደው።

ከመስቀል በፊት ባለው እሁድ ሶስና ስታነብ ድምፅዋ ልክ አልነበረም። ይርጋ ጥቂት ሰምቶ እጁን አነሳ።

«ቆይ። ዘለልሽ።»

«ምን ዘለልኩ አባዬ?»

«ያለፈው እሁድ ድርቅ ነበር። ስምንት መቶ በግ ውሃ አጥቶ ምላሱን አውጥቶ ነበር። ዛሬ ጠግቦ ሲወልድ አየሁ። ውሃውን ከየት አመጣው?»

በግ አርቢን ማታለል ከባድ ነው። ሶስና ወረቀቱን ጭኗ ላይ አስተኛችው። «አባዬ፣ ይህን አታንብቢልኝ ብለህ ብትተወኝ ይሻላል» አለች። እሱ ደግሞ ጭራሽ ወንበሩን አስጠጋ። ወደ ኋላ ገልጣ፣ ቀና ሳትል አነበበችለት።

ምንጭ ተገኘ። ምንጩ ዳር ሰዎች ነበሩ፤ የአገሩ ተወላጆች፣ ከቅድመ አያቶቻቸው ጀምሮ ከዚያ ውሃ የሚጠጡ። ዶናልድ ከሦስት ጎረቤቶቹ ጋር ጠመንጃና ችቦ ይዞ ጎህ ሲቀድ ሄደ። ከዛፍ ልጥ የተሠሩትን ጎጆዎች አቃጠሉ። ሁለት ሰው ሸሽቶ አላመለጠም። አንዲት አሮጊት ከእሳቱ ውስጥ አንድ እንጨት ጎትታ አውጥታ፣ በትከሻዋ ተሸክማ ሄደች። ከዚያ በታች ዶናልድ የጻፈው ይህን ብቻ ነው፦ «ውሃው ጥሩ ነው። በጎቹ መውለድ ጀመሩ።»

ይርጋ ክው ብሎ ቀረ። ልጁ እንኳ ደንግጣ ውሃ አቀረበችለት።

«ዶናልድ?» አለ በመጨረሻ። «የእኛው ዶናልድ?»

«የእኛው።»

«ውሸት ነው! አባቱ እንጨት ተሸክሞ ሲወጣ በዓይኑ ያየ ልጅ? እሱ ችቦ ይይዛል?» ተነሳ፣ ተቀመጠ፣ እንደገና ተነሳ። አንድ የሚያውቀው ሰው፣ ስንት እሁድ ቤቱ ያስገባው ሰው፣ ዓይኑ እያየ ነፍሰ ገዳይ ሆነበት። «ከዚያስ? አልተጸጸተም? ኋላ ምን አለ?»

«ምንም አላለም። እስከ መጨረሻው አንብቤዋለሁ። ስለ ሱፍ ነው የሚያወራው።»

«ሁለተኛ ይኼ ሰው እዚህ ቤት ስሙ እንዳይነሳ!»

ሶስና ወረቀቶቿን ወደ ቦርሳዋ ከተተች። በሩ ጋ ስትደርስ ዞር አለች። «አባዬ፣ ግጦሹ ላይ ሰው አልነበረም አይደል?»

«ባዶ ነው ብለውኛል አልኩሽ እኮ!»

ጮኸባት። ጮኾባት አያውቅም ነበር። ሶስና ወደ መናኸሪያው ሄደች፤ ይርጋም ቁጣው ከየት እንደመጣ ግራ ገብቶት ቆመ።

በማግስቱ ገበያውን ትቶ ፒክአፑን አስነስቶ ወደ ግራና ነዳ። ባዶነቱን በዓይኑ አይቶ፣ ለልጁ ደውሎ ሊያሳፍራት ነው። ሲደርስ ግጦሹ ታጥሯል። በረቱ ቆሟል፤ ቆርቆሮው ገና ግማሽ ነው፣ ማገሩ ግን ተመቷል። እንጨቱ ሁሉ ጥቁር፣ ጥላሸቱ የሚያበራ ነው። «ሞገስ ሠራልኝ» አለ ደስ ብሎት። መሐል ላይ ጣሪያውን ተሸክሞ ወደቆመው ትልቁ ምሰሶ ሄዶ ጥንካሬውን ሊፈትሽ መዳፉን አሳረፈበት።

መዳፉ ሥር አንድ ነገር ጎረበጠው። ጥላሸቱን በአውራ ጣቱ ፈተገው። መስቀል ነው። አንዱ ክንዱ አጭር ነው።

ምሰሶውን ተደግፎ እዚያው ቁጢጥ አለ። አናጢው «ጋሼ፣ አመመዎት?» እያለ ሮጦ መጣ፤ ይርጋ በእጁ አራቀውና ለሞገስ ደወለ።

«ይኼን ጥድ ከየት አመጣኸው?»

«ከዚሁ ነዋ!» አለ ሞገስ፣ ሊመሰገን መስሎት። «ከተነሱት ጎጆዎች። ካሳ ተከፍሏችኋል፣ እንጨቱ የፕሮጀክቱ ነው ብለን አነሳነው። ያንን ትልቁን ለማውጣትማ ፍዳችንን ነው ያየነው፤ አንዲት አሮጊት አቅፈው አልለቅም ብለው። ልጃቸው ከጦርነቱ በኋላ የድሮ ቤታቸውን ምሰሶ አምጥቶ እዚያ ጎጆ ቀልሶላቸው ነበር አሉ። ምነው፣ ተበላሸ እንዴ?»

ይርጋ ስልኩን ዘጋው። ዓይኑ ምሰሶው ላይ ነው። ከሰላሳ ምናምን ዓመት በፊት ትከሻው ላይ የነበረው የዚያ ጥድ ክብደት ተመልሶ መጣ፤ ከፊት የአባቱ ጀርባ ታየው። ያንን ፈረንጅ ትናንት ከቤቱ አባረረው፣ ራሱን ግን ወዴት ያባርረው?

«ንቀለው» አለው አናጢውን።

«ጋሼ፣ ይኼን ከነቀልነው ጣሪያው በሙሉ ይወርዳል።»

«ይውረድ።»

ወረደም። ማገሩ ተሰባበረ፣ ቆርቆሮው ጭቃው ላይ ተንጋጋ። ምሰሶውን ፒክአፑ ላይ ጭነው እየጠየቁ ሲሄዱ ወይዘሮ አስካለን ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ አንዲት ዘመዳቸው በረንዳ ላይ አገኟቸው። መንገዱ መኪና ስለማያስገባ ይርጋ ከፊት፣ አናጢው ከኋላ ሆነው በትከሻቸው ተሸክመውት ገቡ።

«እትዬ አስካለ፣ እንደምን ሰነበቱ። ይርጋ ነኝ።»

«ይርጋ! የኔ ልጅ!» ዓይናቸው ደክሟል፤ ያወቁት በድምፁ ነው። ሊስሙት እጃቸውን ሲዘረጉ ምሰሶውን ነኩት። ጣታቸው ወዲያና ወዲህ ሄዶ መስቀሉን አገኘና እልል አሉ። «ከሌባ አስጣልክልኝ! የተሰማን ምሰሶ አስጣልክልኝ! ተወስዶ ቀረ ብዬ ስንት አለቀስኩ። እግዜር ውለታህን ይክፈልህ፣ ዘርህን ይባርክ፣ በግህን ያርባልህ!»

ይርጋ በያንዳንዱ ምርቃት አንገቱ ወደ ትከሻው ይገባ ነበር። ምሰሶውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀመጠ።

«እዚህ ተቀመጥ እንጂ፣ ለምን መሬት? ሰማህ ይርጋ፣ አንተ ትልቅ ሰው ሆነሃል፣ ከሹማምንቱ ጋር ትቀመጣለህ ይሉኛል። መሬቱን የወሰደውን ያንን ባለሀብት ታውቀው ይሆን? ስሙን እንኳ አልነገሩንም። ልረግመው አይደለም። አንዴ መጥቶ ፊቴን ይየኝ፣ ከዚያ በኋላ የወደደውን ያድርግ።»

አናጢው ወደ ይርጋ አየና ቶሎ ዓይኑን ሰበረ። ይርጋ አላውቀውም ቢል የሚጠይቀው አልነበረም። እንጨቱን መልሷል፣ ምርቃቱን ተቀብሏል። ያንን አንድ ቃል ቢውጠው የሳቸው ልጅ እንደሆነ ይኖራል፤ ለመስቀልም ሙክቱን ይዞ ይመጣል። «ውሃው ጥሩ ነው» የሚለው የሶስና ድምፅ ጆሮው ውስጥ አቃጨለ።

«አውቀዋለሁ» አለ።

«ታውቀዋለህ? እሰይ! የማን ልጅ ነው?»

በዚያ አገር ሰውን ማወቅ የሚጀመረው በዚህ ጥያቄ ነው። የሳቸው እጅ አሁንም መስቀሉን፣ አጭሩን ክንድ ይዳብሳል።

«የተሰማ» አላቸው።

እጃቸው ባለበት ቆመ።