የሮሼል ስም ያልተነበበበት እሁድ

ኑ፣ ቀረብ በሉ ልጆቼ። አንቺ ያንን ወንበር ሳቢው፣ አንተም ከጎኔ ቁጭ በል። ትምህርቴ ስምንተኛ ክፍል ላይ የቆመ ነው፤ ነገር አሳምሬ አላወራም። ያደረግሁትን ግን አልረሳም። የማወራችሁም እሱኑ ነው።

የእህቴ ልጅ ሮሼል ጸጉር ሠሪ ናት። እህቴ ከሞተች ወዲህ እናቷም አክስቷም እኔው ነበርኩ። ቤቷ ከቤቴ ሁለት መንገድ ተሻግሮ ነው፤ ድሮ መኪና ይቆምበት የነበረውን ክፍል ጸጉር ቤት አድርጋዋለች። በዚህ በአላባማ ሙቀት ከጧት እስከ ማታ ሁለት እጇን ሽቅብ አንስታ መቆም ከጀመረች ሃያ ዓመት አልፏታል። የቤተ ክርስቲያናችን ሴቶች ሁሉ ጸጉራቸውን የሚሠሩት እሷ ዘንድ ነው። የሞቱትን እንኳ አስከሬን ቤት ድረስ ሄዳ የምታበጥራቸው እሷ ናት።

የእኛ ቤት ሴቶች ውርስ አለን፤ መሬት እንዳይመስላችሁ። ጡት ነው። እናቴ ነበራት፣ እኔም አለኝ፤ ሮሼል ላይ ግን ባሰ። ገና በአሥራ አንድ ዓመቷ የሰፈሩ ወንዶች «ደረትሽ ደርሷል፣ አንቺ መቼ ትመጫለሽ?» እያሉ ይስቁባት ነበር። ካደገች በኋላማ የጡት ማስያዣው ማንገቻ ትከሻዋ ላይ ቦይ አወጣ፤ ጣቴን ሳስገባበት ይጠልቃል። ሐምሌ መጥቶ ሙቀቱ ሲብስ ከጡቷ ስር ይላጥና ይቆስላል፤ የበቆሎ ዱቄት ትነሰንስበታለች፣ ሶፍት አጥፋ ትወትፍበታለች። አንገቷን ያማታል፣ ወገቧን ያማታል፣ ወደ ማታ ጣቶቿ ይደነዝዙና መቀሱ ከእጇ ይወድቃል። «ዛሬም ጣልኩት» ብላ ትስቃለች። እኛም አብረናት እንስቃለን።

አንድ ሐሙስ ራሴን እያጠበችኝ፣

«አክስቴ፣ ቀን ሰጡኝ» አለች።

«የምን ቀን?»

«የቀዶ ጥገና። ጡቴን ላስቀንስ ነው።»

ዓይኔን ብገልጥ ሳሙና ገባበት። «ምን አልሽ አንቺ ልጅ?»

«ጨፍኚ እንጂ! ሰምተሽኛል። ኢንሹራንሱ ‹ለውበት ነው› ብሎ ሁለቴ መለሰኝ። በሦስተኛው ጊዜ ሐኪሜ የትከሻዬን ቦይ ፎቶ አንስታ ላከችላቸው፣ ያኔ እሺ አሉ።»

«እግዜር የሰጠሽን ልታስቆርጪ?»

«ጥርስሽንስ የሰጠሽ ማን ነበር? ሲያምሽ አይደል እንዴ ያስነቀልሽው!»

አፍ አላት፣ የእናቷን አፍ። መሳቄ አልቀረም። ከዚያ ውሃውን ዘጋችና ፎጣውን ራሴ ላይ ጠመጠመችልኝ።

«አክስቴ፣ አንድ ነገር ልለምንሽ። ስድስት ሳምንት እጄን ከትከሻዬ በላይ እንዳላነሳ ተነግሮኛል። ከአንድ ጋሎን ወተት የከበደ ነገርም አልይዝም። ልጄ ወታደር ነው፣ ባሕር ላይ ነው ያለው። እሁድ ስሜን አንብቢልኝ። ምግቡ ቢቀርም ይቅር፤ ራሴን የሚያጥብልኝ ሰው ነው የምፈልገው።»

«እስቲ እናያለን» አልኳት።

የበሽተኞችን ስም የማነበው እኔ ነበርኩ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ፣ በየእሁዱ ከመዝሙሩ በኋላ ተነስቼ፣ የታመመውንና ከቤት የዋለውን እየጠራሁ አነባለሁ። በእርሳስ ነው የምጽፈው፤ የዳነውንም የሞተውንም በዚያው ላጲስ አጠፋዋለሁ። ስምህ የተነበበ እንደሆነ ሰኞ ጧት በርህ ይንኳኳል፤ የተጠበሰ ዶሮው፣ ጎመኑ፣ ማካሮኒው በክዳን ተሸፍኖ ይመጣል፤ ሴቶቹም በተራ ይቀመጡልሃል። ስምህ ካልተነበበ ግን ማንም አይመጣም። ክፋት አይደለም፤ «ሰው ባይፈልግ ነው» ይባላል፣ ሳይጠሩት የሰው ጓዳ መግባት እኛ ዘንድ ነውር ነው። ቤት የዋሉት ደግሞ በስልክ መስመር ጸሎቱን ያዳምጣሉ፤ ስማቸው ሲጠራ ይሰሙታል።

ሮሼል ረቡዕ ዕለት በርሚንግሃም ከተማ ወስደዋት ተሠራላት። ከሁለቱ ጎን ተደምሮ ሁለት ኪሎ ያህል ወጣላት። በማግስቱ አንድ ደንበኛዋ ቤቷ አድርሳት ሄደች። ቅዳሜ ከፓስተራችን ሚስት ከኤርላይን ጋር ለእሁድ የሚታደለውን የቤተ ክርስቲያኑን ወረቀት ስናጥፍ ነገሩን አነሳሁት።

«ኧረ ተይ ሉቬኒያ! ለቁንጅና ለተኛች ሰው ልንጸልይ? ነገ ደግሞ አፍንጫዋን ያሳጠረችው ትመጣልሻለች።»

«‹አሞኝ ነው› ነው የምትለው።»

«እኛንስ መች ሳያመን ቀርቶ? ደግሞ ቬርኒስን አስቢያት እንጂ። ምስኪን፣ ካንሰር ሁለቱንም ጡቷን ወስዶባት ተኝታለች። ከእሷ ስም ቀጥለሽ ‹ይቺኛዋ ደግሞ ወዳ አስቆረጠች› ብለሽ ልታነቢ ነው?»

እርሳሱን ይዤ ቆየሁ። አልጻፍኩትም።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ቬርኒስ ምክንያቴ ነበረች እንጂ ነገሩስ ሌላ ነው። የሮሼል ሕመም በሽታ ከሆነ፣ የእኔም በሽታ ነበረ ማለት ነው። እኔ ሰባ አራት ዓመቴ ነበር። እናቴ «ቻይው» ብላኛለች፣ ችዬዋለሁ፤ ጀርባዬ እንደ ማጭድ እስኪጎብጥ ድረስ። ማንም «አይዞሽ፣ ከበደሽ ወይ?» ሳይለኝ የተሸከምኩትን እሷ በአንድ ጧት አውርዳው ስትነሳ ማየት አልቻልኩም። ቅናት ነው ልጆቼ። በገዛ እህቴ ልጅ ላይ።

እሁድ አሥራ አራት ስም አነበብኩ። ቬርኒስን አነበብኩ። የዲያቆን ሮስኮን አውራ ጣት እንኳ አነበብኩ፤ ጥፍሩ ወደ ውስጥ በቅሎበት ነው። ሕዝቡ ሁሉ «ጌታ ሆይ አስበው» አለ። ሮሼል በዚያች ሰዓት ተንጋላ በምትተኛበት ወንበር ላይ ሆና፣ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጋ እንደምታዳምጥ አውቃለሁ። ወረቀቱን አጥፌ ተቀመጥኩ።

ሰኞም ማክሰኞም አልሄድኩም። ስሟን ሳላነብ ሄጄ ምን እላታለሁ? የሚቀጥለውም እሁድ እንዲሁ አለፈ።

በአሥራ ሦስተኛው ቀን የቤቴ በር ተደበደበ። ስከፍት ቬርኒስ ናት፤ ከስታ፣ ራሷን በሻሽ አስራ።

«ሮሼል ሆስፒታል ገብታለች» አለችኝ።

«ምነው? ምን ሆና?»

«ጸጉሬ ማቆጥቆጥ ጀምሮ ታስተካክልልኝ ብዬ ሄድኩ። መታጠቢያው ስር ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ አገኘኋት። የአሥራ ምናምን ቀን ላብ ራሷን ሲበላት ጊዜ፣ ከትናንት በስቲያ ልትታጠብ እጇን አነሳች፤ ስፌቱ ተተረተረ። በፎጣ አስራው ዝም ብላለች። አመርቅዞ፣ ትኩሳቱ እንደ እሳት።»

«ምነው ታዲያ ሳትነግረኝ?»

«ነግራሽ ነበር።»

«አንቺን እንዳይከፋሽ ብለን እኮ ነው፣ ቬርኒስ። ያንቺ ስም ባለበት…»

«ማን ጠየቀኝ?» ብላ ጮኸች። «የኔን ጡት የሷ መከልከያ ያደረገው ማነው? እኔ በሽታዬን አስወጣሁ፣ እሷም በሽታዋን አስወጣች። የሮስኮን ጥፍር ታነቢያለሽ! መድኃኒቱ ጸጉሬን ሲያረግፈው የቀረውን አልቅሳ የላጨችልኝ እሷ ናት። ሂጂ፣ ሂጂና እያት!»

ሄድኩ። አልጋው ላይ ቀና ብላ ተደግፋ ነበር። ጸጉሯ ታጥቦ ተጎንጉኗል። ስታየኝ ፊቷ አልተለወጠም።

«ይግቡ፣ ወይዘሮ ሉቬኒያ» አለችኝ።

በአርባ አራት ዓመት ዕድሜዋ ሙሉ እንደዚያ ብላ ጠርታኝ አታውቅም።

«ይቅር በይኝ ልጄ።»

«አስቆርጣ ተጸጸተች ብለው ከሆነ የመጡት፣ አልተጸጸትኩም። ከሰመመን ስነቃ ደረቴ ይነድ ነበር። አንገቴ ግን… አንገቴ ውስጥ የኖረው ሕመም የለም። ሃያ ዓመት አብሮኝ ሲተኛ ሲነሳ ኖሮ የት ገባ ብዬ ፈለግሁት። ደስ ብሎኝ አለቀስኩ። ይህን ለማን ልንገር ብዬ እርስዎን አሰብኩ። ከዚያ እሁድ ሆነና ስልኩን ከፈትኩ።» አንሶላዋን ሳብ አደረገች። «የሮስኮ ጣት ተሻለው?»

እንደ ወትሮዋ ግን አልሳቀችም።

«ራስሽን ላጥብልሽ፣ ላበጥርልሽ» አልኳት።

«ቬርኒስ አጥባኛለች።»

ቁስሉ እስኪገጥም ሦስት ወር ፈጀ። በግራ በኩል ያለው ጠባሳ የአውራ ጣት ያህል ሰፍቶ ቀረ። ሌላው ሁሉ ግን ሐኪሟ እንዳለችው ሆነላት። ዛሬ ስትሄድ ብታዩዋት ቀጥ ብላ ነው። መቀሱ ከእጇ አይወድቅም። በሙቀቱም ወራት የበቆሎ ዱቄቱ ጓዳ ተቀምጧል፤ ለዓሣ መጥበሻ ብቻ ነው የሚወጣው። ከሱቅ የተሰቀለ ቀሚስ አውርዳ ቁልፉን እስከ ላይ ቆልፋ ወጣች አሉ፤ እኔ አብሬያት አልነበርኩም።

እኔም አንድ እሁድ ተነስቼ ስሟን ከሁሉም አስቀድሜ አነበብኩ፤ ጥፋቴንም በሕዝቡ ፊት ተናገርኩ። ኤርላይን መሬት መሬት አየች። ሮሼል ግን አልሰማችኝም። የስልኩን መስመር ካቋረጠችው ቆይታለች፤ ዛሬ የምታመልከውም ከወንዙ ማዶ፣ ሌላ ቤተ ክርስቲያን ነው።

እርሳሱን ለቬርኒስ አስረከብኳት። እሷ ስም ስትቀበል «ምን ሆነሽ?» ብላ አትጠይቅም፤ «ምን ላድርግልሽ?» ነው የምትለው።

ባለፈው ጸደይ እኔም ሐኪም ቤት ሄጄ ትከሻዬን አሳየሁ። ልጅ እግር ሐኪም ነው፤ ልቤን አዳመጠና «እናቴ፣ ልብዎ ሰመመኑን አይችለውም፤ ምነው ከሃያ ዓመት በፊት በመጡ» አለኝ። ይኸው ተሸክሜው አለሁ።

ሐሙስ ሐሙስ አሁንም ራሴን የምትሠራኝ ሮሼል ናት። እጇ እንደ ድሮው ለስላሳ ነው። «ውሃው ሞቀብዎት?» ትለኛለች፤ «አልሞቀብኝም» እላታለሁ። ሌላ ወሬ የለንም። በመስታወቱ እሷን ቀጥ ብላ ቆማ፣ ራሴን ደግሞ ከስሯ ጎብጬ አያለሁ።

እንግዲህ ልጆቼ፣ ደክሟችኋል፤ ተነሱ። ብቻ አንድ ነገር፤ ነገ ከነገ ወዲያ አንዷ መጥታ «አሞኛል፣ እጄን ማንሳት አልችልም» ያለቻችሁ እንደሆነ፣ ሕመሟን ከማንም ሕመም ጋር አትመዝኑባት። ውሃ አሙቁላት። ያኔ ሮሼልን አስታውሱልኝ፣ እባካችሁ።